ኮከቡን ይዘን ወደ አሌክሳንድሪያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ጉዞው ከሲልቨር ስፕሪንግ እዚሁ አሜሪካ እስካለችው አሌክሳንድሪያ ነው። መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ለዚህችም የጉዞ ማስታወሻ ይጻፍላታል ወይ የሚል አንባቢ ካለ፣ ጋዜጣችን የሚቀጥለው ገጽ ላይ የታክስና የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ስላለው እሱን ያንብብ።

ፌንተን ጎዳና ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ፊት ለፊት ቆሜ መስፍንን እጠብቃለሁ። ገና ሊነጋ ሲል ነው፤ ሙቀቱ ግን ከሰው ቀድሞ ተነስቷል። ከጎዳናው ሁሉ በሩን የከፈተው አንድ ዶናት ቤት ብቻ ነው። ሁለት ዶላር ከፍዬ ሻይ ገዛሁ። ሻይ ልበለው እንጂ ቅጠል በሩቁ ያየው ሙቅ ውኃ ነው። ትከሻዬ ላይ ቦርሳ አለ፣ ቦርሳው ውስጥ ትናንት የገዛሁት አዲስ ታኬታ።

መስፍን የጤና ቡድናችን ሊቀመንበር ነው። ጤና ቡድን ማለት፣ ለማያውቅ፣ ቦርጭ ያወጡና ስኳር የጀማመራቸው ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው ኳስ የሚያባርሩበት፣ ከዚያም ካባረሩበት ሰዓት በላይ ስለ ኳሱ የሚጨቃጨቁበት ማኅበር ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች የሆነ አይገባም። በዓመት አንድ ጊዜ ከአሌክሳንድሪያው ጤና ቡድን ጋር እንጋጠማለን። እኔ ይህን ግጥሚያ አራት ዓመት ሙሉ ከመስመሩ ውጭ ቆሜ፣ የሌላ ሰው ሰዓትና ቁልፍ ይዤ ነው ያየሁት። ሐሙስ ግን መስፍን ኮል አድርጎ "ደሬ፣ ቅዳሜ ቋሚ ነህ" አለኝ። ታኬታውን የገዛሁት ለዚህ ነው። ሚስቴ ስታየው "በሃምሳ ዓመትህ?" አለች። አዎ፣ በሃምሳ ዓመቴ።

የመስፍን ቫን መጣ። ከኋላ ኳሶች በመረብ ታስረው፣ የውኃ ካርቶን፣ ማልያዎች። ከፊት ወንበር ላይ ደግሞ ወርቅማ ጥልፍ ያለው ካባ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ቀበቶ ታስሮለት እንደ ሰው ተቀምጧል።

"ይኼ የማነው?" አልኩት።

"የእንግዳው ነዋ! የክብር እንግዳ ያለ ካባ አየህ?"

እንግዳው ጋናዊ ነው፤ ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋች። ስሙን ጽፌ ስልክ አላስከፍታችሁም። የመስፍን ልጅ ናት ፌስቡክ ላይ ያገኘችው። የከተማ ሕዝብ የሚያህል ተከታይ አለው። ይህ ሁሉ ሕዝብ የመጣው በአንድ ጎል ነው። ከዓመታት በፊት ቆጵሮስ ውስጥ፣ በረኛው ከጎሉ ርቆ መውጣቱን አይቶ ከመሀል ሜዳ መትቶ አግብቷል። ያችን ጎል ሰው ሙዚቃ እየጨመረባት፣ እያዘገያትና እያፈጠናት ዓለምን አዳርሷታል። ከዚያ ወዲህ ገጹ ላይ ኳስ የለም። ገጹ ላይ ያለው መነጽር፣ የሰው መኪና ተደግፎ መሳቅ፣ "ፈጣሪን የያዘ አይወድቅም"፣ "ምቀኞቼ ሆይ እወዳችኋለሁ"፣ እና በየሳምንቱ "ትልቅ ዜና በቅርቡ" ነው። ዜናው አይመጣም፤ ላይኩ ግን ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ የነበሩት አባቶቻችን ፌስቡክን አይተውት ነበር እንዴ እላለሁ።

መስፍን ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ቆየ። ይኼን ጊዜ ነው ነገር እንዳለ ያወቅኩት።

"ደሬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሰውየው ማታ ኮል አድርጎኝ፣ ኳሱን ለማስጀመር ብቻ አልመጣም፣ ካልተጫወትኩ እቀራለሁ አለ። ስሙ ያለበት ፍላየር ደግሞ ተበትኗል፣ ሰው ሁሉ እሱን ብሎ ነው የሚመጣው። ያንተ ቦታ ላይ ይግባ ብዬ…"

"ሁለተኛው አጋማሽ ላይ?"

"ሙሉውን። ቪዲዮ ይፈልጋል አሉ። አንተ ደግሞ ጨዋ ነህ፣ ሌላ ሰው ብጠይቅ ጸብ ነው።"

ጨዋ ነህ የሚባል ሰው ምን ሊወሰድበት እንደሆነ ቀድሞ ይወቅ። ካባው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከኳሶቹ ጋር ሆነን ተነሳን።

ሪቨርዴል ፓርክ፣ አንድ ሰዓት ገደማ

ኮከባችን የሚኖረው ሪቨርዴል ፓርክ ነው። ሦስት የፖስታ ሳጥን የተደረደረበት፣ ቀለሙ የተላጠ ቤት ፊት ቆምን። በዋናው በር ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ከጎን፣ ከቤዝመንቱ፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ብቅ አለ። ረጅም ነው፤ ፀሐይ ገና ሳትበረታ ጥቁር መነጽር አድርጓል። የለበሰው ቱታ ደረቱ ላይ አርማ የነበረበት ቦታ ክር ክር ብሏል። የመጨረሻዋን ደረጃ ሲወጣ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ትንፋሽ ወሰደ። ፎቶዎቹ ላይ ይኼ የለም።

መስፍን ከመኪናው ወርዶ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ አጎነበሰም። የኛ ሰው ለእንግዳ ሲያጎነብስ መጠን አያውቅም። ሰውየው "ብራዘር፣ ብራዘር" እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወደ ቫኑ አልመጣም፤ ጎረቤት በር ላይ ወደ ቆመ ጥቁር መኪና ሄደ። ተደገፈው። ስልኩን ወደኔ ዘረጋ።

"ብራዘር፣ አንድ ፎቶ። መኪናው በሙሉ እንዲገባ አድርገህ።"

አነሳሁት። የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ መስፍን ግማሹን ስለማይሰማው የቀኑ አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ። ፎቶውን አይቶ "እጅህ አይንቀጠቀጥም፣ ጎበዝ" አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ፓርኪንግ ቤት ትኬት ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄን ያመሰገነው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ቀበቶውን ሳያስር ፎቶው ወጥቷል። ከታቹ የጻፈውንም አየሁ፦ "ጠዋት ተነስቶ የሚሠራ ያሸንፋል"።

የመስፍን ሚስት በፎይል ጠቅልላ የላከችው የቋንጣ ፍርፍር ነበር። ዘረጋሁለት። ካባውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አፉ እየተቃጠለ፣ ጠርጎ በላው። ቁርስ ያገኘ ሰው አበላል አልነበረም። ማታም ያልበላ ሰው አበላል ነበር። ይህን ሳይ ጥቂት ሊያሳዝነኝ ፈለገ፤ ታኬታዬ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ቤልትዌይ ላይ፣ አንድ ሰዓት ተኩል

ዋና ከተማዋን የሚዞረው ፈጣን መንገድ ገና አልተጨናነቀም። ቢሆንም መስፍን በቀኝ መስመር፣ ካባ የጫነ ሰው አነዳድ ይነዳል። የጭነት መኪናዎች እያለፉን ያናውጡናል። ኮከቡ መነጽሩን አወለቀና ያለ ጠያቂ ስለ ራሱ ማውራት ጀመረ።

አክራ ዳርቻ አቧራ ሜዳ ላይ ሲጫወት አንድ ደላላ መጣ። ቱርክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወሰደው፤ እዚያ ስድስት ወር ሳይከፈለው ሆቴል ውስጥ ሩዝ በልቶ ከረመ። ከዚያ ቆጵሮስ፣ ያቺ ጎል። ከዚያ ስዊድን ሰሜኑ፣ በረዶ ተጠርጎ የሚጫወቱበት አገር። ከዚያ እዚህ አሜሪካ ታችኛው ሊግ አንድ ዓመት፣ ጉልበቱ ተቀደደ፣ ቡድኑም ፈረሰ። ሁለት ዓመት ሜዳ አልገባም። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ሳጥን ያነሳል።

"እና ቪዲዮው ለምንድን ነው?" አልኩት።

"ሰኞ" አለኝ። ድምፁ ተለወጠ። "አንድ ክለብ ገጼን አይቶ ጻፈልኝ። ምዕራብ ነው፣ ሩቅ። ሰኞ ለሙከራ ና ብለዋል፣ የአውሮፕላኑን እነሱ ይችላሉ። ግን መጀመሪያ በቅርብ ጊዜ የተጫወትከውን ላክ፣ ሣር ላይ፣ ሙሉ ጨዋታ አሉ። ከየት አምጥቼ? ብራዘር፣ ይኼ የመጨረሻዬ ነው። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በላይ አይወስዱም።"

"አንተ ስንት ነህ?"

"ሠላሳ አንድ።"

ጥያቄውን ሳልጨርስ ነው የመለሰው። ትኬት ጠፋብኝ ብለው የሚመጡ ሰዎች "አሁን ነው የገባሁት" የሚሉት እንደዚህ ነው፤ የተዘጋጀ መልስ ከጥያቄው ይቀድማል። በልቤ መዝገብ ላይ ያዝኩበት።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ የፖቶማክ ወንዝ ከታች ሰፊና ቡናማ ሆኖ ተዘረጋ። ፀሐይ ወጥታ በወንዙ ዳር መዝናኛ የቆመውን፣ ሰው የሚያሽከረክረውን ትልቅ መንኮራኩር በብርሃን አጥባዋለች። ኮከቡ መነጽሩን መልሶ አደረገ፣ ስልኩን ዘርግቶ ላይቭ ገባ። ፌስቡክ ቀጥታ ማስተላለፍ የጀመረበት ሰሞን ነው፤ ሰው ሁሉ ጥርሱን ሲፍቅ ሳይቀር ላይቭ ይገባ ነበር። "ሕዝቤ ሆይ እንደምን አደራችሁ! ወደ ዓለም አቀፍ የወዳጅነት ጨዋታ እየሄድኩ ነው!" አለ። መስፍን ወደ ስልኩ ዞሮ በኩራት እጁን አውለበለበ። ዓለም አቀፉ ጨዋታ ከግፊትና ከስኳር ጋር መሆኑን ከሕዝቡ ማንም አልጠየቀም። ልብ ምስሎች ስክሪኑ ላይ ወደ ላይ ይጎርፋሉ።

አሌክሳንድሪያ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሜዳው ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ነው። ሁለት ድንኳን ተተክሏል። ጥብስ ይጠበሳል፣ ሳህኑ ስምንት ዶላር፤ ከውኃ ጋር ዘጠኝ። ልጆች በእንግሊዝኛ ይሯሯጣሉ፣ እናቶች በአማርኛ ይጠሯቸዋል፣ ማንም ለማንም አይታዘዝም። ፓርኪንጉ ገና በጠዋቱ ሞልቷል። ፍላየሩ ሠርቷል፤ መስፍን ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

ካባው ወዲያው ተደረገለት። በዚያ ሙቀት፣ በቱታው ላይ፣ ከባድ ጥቁር ካባ። እልልታ ቀለጠ። ላቡ ከግንባሩ እየወረደ፣ እሱ ግን እየሳቀ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ከሰው ሁሉ ጋር ፎቶ ተነሳ። ጎሏን እንዳላዩ የምምልላቸው እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ጎኑ ያቆሙ ነበር። "ማን ነው እሱ?" ብዬ አንዷን ብጠይቃት፣ "እኔ እንጃ፣ ታዋቂ ነው አሉ" አለችኝ። ታዋቂነት ከዚህ በላይ ትርጉም ካለው የምታውቁ ጻፉልኝ።

አሁን ስለ ጋሽ ወርቁ ልንገራችሁ። የአሌክሳንድሪያው ቡድን ጸሐፊ ናቸው። ሰባውን አልፈዋል። አገር ቤት ቀበሌ መዝገብ ቤት ይሠሩ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ሆቴል ልብስ ክፍል። ኳስ ነክተው አያውቁም። ሥራቸው አንድ ነው፣ ከጨዋታ በፊት ጠረጴዛቸው ላይ ደብተር ዘርግተው የእያንዳንዱን ተጫዋች የመንጃ ላይሰንስ ማየትና ዕድሜ መመዝገብ። ከዚያ ተጫዋቹ ወደ ሜዳ ሲገባ ስሙንና ዕድሜውን በድምፅ ማጉያ ይጠራሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ዕድሜው ከፍ ባለ ቁጥር ጭብጨባው ይበረታል። በእኛ ሜዳ ዕድሜ ማዕረግ ነው።

ላይሰንስ ማየቱ ግን ለወጉ ነው። እኛ መሀል የወረቀቱ ዕድሜና የእናቱ ዕድሜ የሚገጥምለት ሰው አልፎ አልፎ ነው። መስፍን ስደት ላይ ስድስት ዓመት ቀንሷል። እኔ ደግሞ በተቃራኒው የተወለድኩበትን ዓመት በኛ አቆጣጠር ዲቪ ፎርሙ ላይ ጻፍኩትና ፈረንጅ እንዳለ ተቀበለው፤ በአንድ ብዕር ስምንት ዓመት አረጀሁ። ጋሽ ወርቁ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ላይሰንሱን አገላብጠው አይተው፣ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው፣ "ይኼ የወረቀቱ ነው። የእናትህስ?" ይላሉ። ሰው የእናቱን ይናገራል። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው፣ በማጉያውም የሚጠራው እሱ ነው። ለዚያ አዛውንት የዋሸ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ተራው የኮከቡ ሆነ። ካባውን አውልቆ፣ በኔ ማልያ፣ አሥራ አንድ ቁጥር፣ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። ጋሽ ወርቁ ላይሰንሱን አዩ።

"ሠላሳ አንድ ይላል። ከሠላሳ አምስት በታች አይገባም። የወረቀቱ ነው አይደል? የእናቱን ጠይቅልኝ፣ ደረጀ።"

ተረጎምኩለት። እናትህ የምታውቀው ዕድሜ ስንት ነው ይሉሃል አልኩት። ሰውየው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ወደ ሜዳው አየ፣ አረንጓዴ ነው፣ መስመሩ አዲስ ተቀብቷል። ድምፅ ማጉያውን አየ።

"ያ ነገር ለምንድን ነው?" አለኝ።

ነገርኩት። ስምና ዕድሜ እንደሚጠራበት፣ ክብር እንደሆነ።

ክርኔን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ወሰደኝ። "ብራዘር፣ ስማኝ። ደላላው ሲወስደኝ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ወረቀቱ አሥራ ስድስት ብሎ መጣ። እኔ አልጻፍኩትም፣ ግን ፈርሜበታለሁ። አሁን ሠላሳ ሰባት ነኝ። ለሽማግሌው ብቻ ንገራቸው። ያለዚያ የማያስገቡኝ ከሆነ ይሁን፣ እውነቱን ለሳቸው ልንገር። ግን በዚያ ነገር እንዳይጠሩት። እባክህ። ሰኞ አለብኝ። ይኼን በደንብ ንገርልኝ።"

ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ።

"ሠላሳ ሰባት ነው ይላል" አልኩ።

እዚያ ላይ አቆምኩ።

ጋሽ ወርቁ ፊታቸው በራ። ጥርት ባለ የቀበሌ ጽሕፈት ጻፉት። "አየህ፣ ሰው እንደኛው ነው! አይዞህ በለው። ዛሬ ወገኑ ጋ ነው ያለው በለው።"

"ምን አሉ?" አለኝ።

"ችግር የለም አሉ።"

እንዳይጠሩት ያለውን ረሳሁት ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አልረሳሁም። ያን ማልያ ነበር የማየው።

ሜዳው ላይ፣ አራት ሰዓት

ኮከቡ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ። "ስገባ ላይቭ አድርገው፣ እስከ መጨረሻው አታቋርጥ። ያንተ እጅ ነው የሚሻለው።" ገጹን ከፍቶልኝ ሄደ። ተጫዋች ልሆን የመጣሁትን ሰው፣ የጨዋታ ካሜራ አደረገኝ።

ጥሪው ተጀመረ። መስፍን ሃምሳ ሁለት፣ ጭብጨባ። በረኛችን ስልሳ አንድ፣ እልልታ። አንድ የአሌክሳንድሪያ ተከላካይ ስልሳ አምስት ሲባል ሰው ከወንበሩ ተነሳ። ኮከባችን መስመሩ ላይ በእግር ጣቶቹ ይዘላል፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ ይመስለኛል። ላይቩን ከፈትኩ። ተመልካቹ ወዲያው ጎረፈ፤ ልቦች፣ የጋና ባንዲራዎች፣ "ንጉሣችን ተመለሰ"።

ጋሽ ወርቁ ለእንግዳ ክብር ብለው ተነስተው ቆሙ። ለሌላው ተቀምጠው ነው የሚጠሩት። ስሙን ጠሩ፣ አሳምረው። ከዚያ እንግዳው እንዲሰማው፣ ክብሩ እንዳይጎድልበት ብለው፣ ዕድሜውን በእንግሊዝኛ አደረጉት።

"ተርቲ ሰቨን!" አሉ። ሰው ያልሰማ መስሏቸው ደገሙት። "ተርቲ ሰቨን!"

ሕዝቡ ከልቡ አጨበጨበ።

እሱ መስመሩን ሊያልፍ እግሩን አንስቶ ነበር፤ እዚያው አሳረፈው። ጋሽ ወርቁን አላያቸውም። ያየው ስልኩን ነው፣ እኔ እጅ ላይ ያለውን። ስክሪኑ ላይ ልቦቹ ቀጥ አሉ። ቀጥሎ ጽሑፍ መጣ፦ ስንት አለ? ሠላሳ ሰባት? ሽማግሌ ነው እንዴ? ከዚያ ሳቅ፣ የሳቅ ፊት በረድፍ በረድፍ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይኼኛው አፋፍም አልበቃው፣ ባሕር ተሻግሮ አክራ ገብቷል። ጣቴ ከማቆሚያዋ አጠገብ ነበረች። አንድ መንካት ነበር። አልነካሁም፤ እጄም አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ገባ። መውጣት ይችል ነበር፤ እጁን ለሕዝቡ አንስቶ ገባ።

ስለ ጨዋታው እውነቱን ልጻፍ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት እንደ ማንኛችንም ነበር፣ ጉልበቱን እያሻሸ፣ ኳስ እያመለጠው። ልስቅበት የተዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። በኋላ ግን አንዲት ኳስ ከአየር መጣችለት። ደረቱ ላይ አስተኛት፣ ሳያይ በግራ እግሩ ሦስት ሰው መሀል አሾለካት፣ መስፍን ፊት ሄዳ ቆመች። መስፍን በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ኳስ ደርሶት አያውቅም፤ ደንግጦ በጉልበቱ አገባት። እኔም ጮህኩ። ሳላስበው ነው የጮህኩት፣ ላይቩ ላይ ድምፄ አለ። በቦታው እኔ ብኖር ያቺ ኳስ አትኖርም፤ ይህን የማውቀውም እኔው ነኝ። ስክሪኑን አየሁ። ማንም ስለ ኳሷ አልጻፈም። ሁሉም የልደት ዓመት እየደመረ ነበር።

ሦስት ለሁለት ተሸነፍን። እስከ ፉጨቱ ሮጠ።

መልስ፣ ስምንት ሰዓት

ካባው አሁን ከኋላ ኳሶቹ ላይ ተጥሏል። ኮከቡ ከፊት ተቀምጦ ስልኩን ያነባል። ቤልትዌዩ ተጨናንቋል፤ ድልድዩ ላይ ለሃያ ደቂቃ አልተንቀሳቀስንም። መስፍን ምን እንደሆነ ገና አልገባውም፤ ስለ ጎሉ ያወራል፣ ያስቃል፣ ብቻውን ይስቃል።

"ጻፉ" አለ ሰውየው።

"እነማን?"

"ክለቡ። ላይቩን አይተዋል፤ ሰኞ አትምጣ ነው የሚሉት። በጨዋ ቋንቋ።"

ተረጎምኩለት ለመስፍን። መስፍን መሪውን ለቆ ራሱን ያዘ። ሠላሳ ሰባት መባሉ እንዲህ ያለ ጉዳት እንዳለው አላወቀም፤ ከኛ ማን ያውቃል? ለኛ ዕድሜ መጠራት ማጨብጨቢያ ነው።

ሰውየው ወደ ኋላ ዞረ። ያለ መነጽር ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ቁጣ ግን አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

"ብራዘር፣ ነግረሃቸው ነበር አይደል? እንዳይጠሩት?"

"ነግሬያቸዋለሁ" አልኩ።

"ሽማግሌ ይረሳል" አለ። "አባቴም እንዲሁ ነበር። አታስቀይማቸው።" ከዚያ ስልኩን አሳየኝና፣ "ቪዲዮው ግን ጥሩ ነው። ሙሉውን አየሁት። እንደዚህ አድርጎ ያነሳኝ ሰው የለም። አመሰግናለሁ" አለኝ።

ሪቨርዴል ፓርክ ስናወርደው በቤዝመንቱ በኩል ገባ። ሲልቨር ስፕሪንግ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ሚስቴ "ተጫወትክ?" አለች። ጉልበቴን አመመኝ አልኳት። ለሷም ዋሸሁ።

ይህ ከሆነ ዓመት ሞላው። ገጹ ተዘግቷል። ሰውየው ወደ የት እንደሄደ መስፍንም አያውቅም። እኔ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ በሱ ላይ ማላገጥ ነው፣ ላርመው ፈልጌ ነበር፤ ግን የዚያን ቀን ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁት እንዳለ ተውኩት። ከእኛ ሁሉ መሀል የእናቱን ዕድሜ በመናገሩ የሚከስረው እሱ ብቻ ነበር፤ ተናገረም።

ይህን ማስታወሻ ግን ለሱ አይደለም የጻፍኩት፤ አማርኛ አያነብም። መስፍን ያን ማታ፣ ከኔ የሰማውን አምኖ፣ ለአሌክሳንድሪያዎቹ ደውሎ "ሽማግሌው ተነግሯቸው ረስተው ሰውየውን አጠፉት" አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሩና ማጉያው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጋሽ ወርቁ በማግስቱ ደውለው፣ "ደረጀ ልጄ፣ በውነት ነግረኸኝ ነበር?" ሲሉኝ፣ "አዎን፣ ጋሽዬ" አልኳቸው። "እንግዲያውስ አርጅቻለሁ" ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ሜዳ አይመጡም። መድኃኒታቸውን ወሰዱ አልወሰዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፣ ለራሳቸውም አያምኑም ብላ ልጃቸው ነገረችኝ። ይህን ጋዜጣ ግን ዳቦ ቤቱ በር ላይ እያነሱ በየሳምንቱ ያነባሉ።

ጋሽ ወርቁ፣ አልረሱም። እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት።